የልጅ የልደት ዓመት ሳንቲም፦ ቁጥሩን ወይስ ዘመኑን?

ጥር 2010 ላይ ሴት ልጅ ለተወለደችለት አንድ በወለጋ የኑኑ ቁምባ ወዳጄ፣ ሚኒሶታ ያለችው እህቱ አራት ሳንቲም የተሰካበት ካርቶን ላከችለት። አንድ ሳንቲም፣ አምስት ሳንቲም፣ አሥር ሳንቲምና ሃያ አምስት ሳንቲም፣ አራቱም የአሜሪካ፣ አራቱም ላይ 2018 የሚል ዓመት ተቀርጿል። ልጅቱ ስታድግ የተወለደችበትን ዓመት በእጇ እንድትይዘው ነው። አባት በስጦታው ተደሰተና «የኢትዮጵያውን ደግሞ እኔ አሟላለሁ» ብሎ ተነሣ። ከሱቅ፣ ከነቀምት መናኸሪያ ረዳቶች፣ ከእናቱ ሣጥን እየለቀመ ሁለት እፍኝ ሳንቲም ሰበሰበ። እየገለበጠ ቁጥራቸውን ሲያይ ግን አብዛኞቹ ፲፱፻፷፱ ይላሉ። ጥቂቶቹ ፲፱፻፺፮፣ ሌሎቹ ፳፻ እና ፳፻፬ ይላሉ። ሁለት ቀለም ያለው የአንድ ብር ሳንቲም ላይ ያገኘው ፳፻፪ ነው። 2010 የሚል አንድም አላገኘም። «የልጄን ዓመት ምን በላው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጥያቄው የብዙ ወላጅ ጥያቄ ስለሆነ በዝርዝር መመለስ ይገባዋል። አስቀድሜ የመልሱን ፍሬ ልናገር። የኢትዮጵያ ሳንቲም ላይ የምናነበው ዓመት፣ ሳንቲሙ የተመታበት ዓመት ላይሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ያ መልክና ያ ማኅተም የጸደቀበት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት በዚያው ቁጥር ይመታል። ስለዚህ እኛ አገር ለልጅ የልደት ዓመት ገንዘብ የሚያኖር ሰው ቁጥር እያሳደደ ባይደክም ይሻለዋል። የሚያኖረው በዚያ ዓመት በሰው እጅ ሲዘዋወር የነበረውን ገንዘብ፣ ከነታሪኩና ከነዋጋው ነው። ይህ ደግሞ ከፈረንጆቹ ካርቶን የሚያንስ ነገር አይደለም። በትክክል ከተሠራ ይበልጠዋል።

ቁጥሩ ለምን ቆመ?

ቆሞ የቀረ ዓመት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አያቶቻችን ጠገራ ብር የሚሉት የማሪያ ቴሬዛ ብር ላይ ያለው ዓመት 1780 ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያው ዓመት በፈረንጆቹ ኅዳር ወር ነው። ከዚያ ወዲህ ብሩ በቪየና ብቻ ሳይወሰን በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች ተመቷል። ጣሊያን አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ የመምቻውን ማኅተም ከኦስትሪያ አግኝታ በ1935 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሮም ላይ አስመታች። እንግሊዞችም በቀጣዩ ዓመት ለንደን ላይ መምታት ጀመሩ። ሁሉም ላይ ያለው ቁጥር ግን 1780 ነው። ስለዚህ ሣጥን ውስጥ የተገኘ ጠገራ የሁለት መቶ ዓመት ዕድሜ ይኑረው ወይም የአያት እኩያ ይሁን፣ ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም።

ዓመቱ ያልተለወጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። ገበያተኛው የሚያምነው የለመደውን መልክ ነው። የንግሥቲቱን የራስ ጌጥና የትከሻዋን ማያያዣ ዕንቁዎች እየቆጠረ የሚቀበል ነጋዴ ነበር፤ በራስ ጌጧ ላይ ሰባት፣ በትከሻዋ ላይ ዘጠኝ። አንድ ነጥብ ቢጎድል ወይም ቁጥሩ ቢለወጥ ብሩን አልቀበልም ይላል። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ፣ ከስድስቱ እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር የሆነው ይህ ገንዘብ ተቀባይነቱን የጠበቀው ባለመለወጡ ነው።

አፄ ምኒልክም የራሳቸውን ብር ፓሪስ ላይ ሲያስመቱ ይህን ልማድ ተጋፍጠዋል። በመጀመሪያዎቹ የምኒልክ ብሮች ላይ የምናነበው ዓመት 1887 ነው። አላድ፣ ሩብ፣ ተሙን፣ ግርሽና መሐለቅም እየተከተሉ ወጡ። 1895 የሚለው ግርሽ ዓመቱ ሳይለወጥ ለብዙ ዓመታት ተመቷል። በአንድ በኩል ሕዝቡ የለመደውን እንዲያምን፣ በሌላ በኩል አዲስ ማኅተም በየዓመቱ ማስቀረጽ ወጪ ስለሆነ ነው። የራሱ ትልቅ መቅረጫ ቤት ያለው አገር በየዓመቱ ቁጥሩን ይለውጣል፤ የዓመቱን ሥራና የብረቱን ጥራት የሚቆጣጠረው በዚያ ነውና። ሳንቲሙን ውጭ አገር በብዛት አዝዞ የሚያስመታ አገር ግን አንድ ማኅተም ለረጅም ጊዜ ይበቃዋል።

ከሁሉም የሚያስደንቀው 1936 የሚለው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲም ነው። ሳንቲሙ ከአዲሱ ብር ጋር በይፋ መገበያያ የሆነው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ነው። ሐምሌ 16 ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ የልደት ቀን ነው። እንግዲህ ያ ሳንቲም ገና ከመጀመሪያው ቀን በላዩ ያለው ቁጥርና ገበያ የወጣበት ዓመት አልገጠሙም ማለት ነው። ከዚያ በኋላም እስከ አፄው ዘመን ማብቂያ 1936 እንደተባለ ተመታ። በ1950ዎቹ የተወለደ ሰው በልጅነቱ የላሰው ከረሜላ የተገዛው 1936 በሚል ሳንቲም ነው፤ ሳንቲሙ ግን ምናልባት ከእርሱ በኋላ የተመታ ነበር።

ደርግም ይኸንኑ ቀጠለ። የአንበሳ ራስ ያለባቸው አምስቱ ሳንቲሞች 1969 ተብለው ወጡ። ከዚያ በኋላ በመገበያያ ሳንቲም ላይ ሌላ ዓመት የታየው በ1996 ነው። በመካከሉ ከ1970 እስከ 1995 ያሉ 26 ዓመታት አሉ። በእነዚህ ዓመታት የተወለደ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የልደቱን ዓመት የያዘ መገበያያ ሳንቲም የለውም። የዛሬዎቹ ወላጆች አብዛኞቹ በዚህ ውስጥ ናቸው።

ይህ የእኛ ጉድለት ብቻ እንዳይመስለን አንድ የውጭ ምሳሌ ልጨምር። አሜሪካ በ1976 የነጻነቷን 200ኛ ዓመት ስታከብር የሃያ አምስት ሳንቲሙን፣ የግማሽ ዶላሩንና የዶላሩን ሳንቲም 1776–1976 በሚል መልክ አስቀድማ መምታት ስለጀመረች፣ 1975 የሚል የሃያ አምስት ሳንቲም የለም። በዚያ ዓመት የተወለደ አሜሪካዊም የልደት ዓመት ስብስቡን ማሟላት አይችልም። ቁጥር በየትም አገር አንዳንዴ ይጎድላል።

አንድ ሳንቲም በቅርብ ሲታይ

ከሁለቱ እፍኝ ውስጥ አንድ አሥር ሳንቲም አንሥተን እንየው። በአንድ ወገን ጎፈሩን የነሰነሰ የአንበሳ ራስ አለ፤ ከላይ «ኢትዮጵያ» ይላል፤ ከታች ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ተቀርጿል። በሌላው ወገን የደጋ አጋዘን ቆሟል፤ አጠገቡ ዋጋው አለ። አምስት ሳንቲሙ ላይ ጠመንጃ የያዘ ወታደር፣ አንድ ሳንቲሙ ላይ በሬዎቹን ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ፣ ሃያ አምስቱ ላይ እጃቸውን ያነሡ ወንድና ሴት፣ ሃምሳው ላይ የሕዝብ ስብስብ አለ። የአብዮቱ ዘመን ራሱን እንዴት ማየት ይፈልግ እንደነበር ከአምስቱ ሳንቲሞች ይነበባል። የ2002ቱ የአንድ ብር ሳንቲም ላይ ደግሞ ሚዛን ተቀርጿል።

አሁን ቁጥሩን ለልጅ እናስነብብ። ፲፱፻፷፱ ሲነበብ ፲፱ አሥራ ዘጠኝ ነው፤ ፻ መቶ ነው፤ ፷፱ ስድሳ ዘጠኝ ነው። «አሥራ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ዘጠኝ»፤ በአፋችን እንደምንጠራው ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። በግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለም። ስለዚህ ሁለት ሺህን የሚጽፈው ፳፻ ብሎ ነው፤ ሃያ መቶ። ፳፻፬ ደግሞ ሃያ መቶ ከአራት ነው። የግዕዝ ቁጥር በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ሲያዩት የሚከብዳቸው ልጆች፣ በእጃቸው በያዙት ሳንቲም ላይ ሲያገኙት ቶሎ ይለምዱታል። አንድ ልጅ ሃያ ሳንቲም ዘርግቶ እንደየዓመታቸው በአራት ክምር ሲለያቸው ቁጥሩን ለዘለቄታው ተምሮታል።

ማግኔትም ይቀርብ። ከ1969ኞቹ አንድ ሳንቲሙ አሉሚኒየም፣ ሌሎቹ የነሐስ ወይም የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ስለሆኑ በማግኔት አይሳቡም። ከ1996 ወዲህ ከወጡት ብዙዎቹ ውስጣቸው ብረት፣ ላያቸው ቅብ ስለሆነ ይሳባሉ። መልኩ አንድ ሆኖ ሥራው የተለያየ መሆኑን ልጁ በእጁ ያውቀዋል። የመዳብ ዋጋ ሲወደድ አገሮች ሳንቲማቸውን ከብረት መሥራት መጀመራቸውን ለመንገር ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ የለም።

የትኛው ዓመት?

ስብስቡን ከመጀመር በፊት የልጁ ዓመት በሁለቱም አቆጣጠር መታወቅ አለበት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ በኢትዮጵያ ዓመት ላይ 7 ይደመራል፤ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8። ጥቅምት 2010 የተወለደ ልጅ የፈረንጆቹ ዓመቱ 2017 ነው። ጥር 2010 የተወለደች የወዳጄ ልጅ ግን 2018 ናት። ዘመድ ከውጭ ሳንቲም እንዲልክ ሲጠየቅ ይህ ስሌት አስቀድሞ ይሠራ፤ በአንድ ዓመት የተሳሳተ ስጦታ ሲመጣ ልብ ይሰብራል።

የልደት ዓመትን በትክክል ማወቅ ራሱ ለብዙዎቻችን አዲስ ነገር ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት በወለጋ ገጠር የልጅ ዕድሜ የሚታወሰው በታላላቅ ድርጊቶች ነበር። በጣሊያን ጊዜ፣ በዘመቻው ዓመት፣ ሰፋሪዎቹ ከወሎ በመጡበት ዓመት እየተባለ። ይህን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። ከእነርሱ ጋር ተቀምጦ የራስን የልደት ዓመት ማጣራት የስብስቡ የመጀመሪያ ሥራ ቢሆን መልካም ነው።

ምን ምን ይኑርበት?

እኔ የምመክረው አምስት ደረጃ ያለው ስብስብ ነው። ከልጁ ተነሥቶ ወደ ቅድመ አያቱ ይወጣል።

የመጀመሪያው በልደቱ ዓመት በኪስ የነበረው ገንዘብ ነው። በ2010 የተወለደች ልጅ ከሆነች በዚያ ዓመት በነቀምት ገበያ ትዘዋወር የነበረች የአንድ ብር ሳንቲም፣ ሃምሳና ሃያ አምስት ሳንቲም። ላያቸው የሚለው ዓመት ምንም ይሁን፣ በዚያ ዓመት ሕያው ገንዘብ ነበሩ። አራስ ጥየቃ የመጡ ዘመዶች «ለሳሙና መግዣ» ብለው ካስቀመጡት ውስጥ አንዱ ከተረፈ ከዚያ የሚበልጥ የለም። ያ ገንዘብ ለልጁ ተብሎ የተሰጠ ነው።

ሁለተኛው የወረቀት ብር ነው። ሳንቲሙ የከለከለንን ወረቀቱ በከፊል ይክሰናል። ከ1989 ወዲህ የታተሙት ብሮች ዓመቱን በኢትዮጵያና በፈረንጆች አቆጣጠር አጣምረው ይዘዋል፤ ለምሳሌ 1989/1997 ወይም 2000/2008። ዓመቱም በየጥቂት ዓመቱ ይለወጥ ነበርና በዚያ ዘመን ለተወለደ ልጅ የራሱን ዓመት የያዘ ብር የማግኘት ዕድል አለ። የአንድ ብር ወረቀቱ ላይ የልጅ ምስል አለ፤ ጀርባው ላይ ጢስ ዓባይ። አምስት ብሩ ላይ ቡና የሚለቅም ሰው አለ። በዓለም ገበያ «ለቀምቲ» ተብሎ በሚታወቀው ቡና ለሚኖር አገር ልጅ ከአምስት ብሩ የቀረበ ሥዕል የለም። መስከረም 4 ቀን 2013 የብር ለውጡ ሲታወጅ የቀድሞዎቹ አሥር፣ ሃምሳና መቶ ብሮች በሦስት ወር ውስጥ ከአገልግሎት እንዲወጡ ተደረገ፤ ሁለት መቶ ብርም በዚያን ጊዜ መጣ። ስለዚህ በ2012 ወይም በ2013 ለተወለደ ልጅ አሮጌውንና አዲሱን አሥር ብር ጎን ለጎን ማኖር የልደቱን ዘመን በአንድ ገጽ ያሳያል።

ሦስተኛው የወላጆች ገንዘብ ነው፤ እርሱም 1969 የሚለው ሙሉ አምስቱ ሳንቲም ነው። አንድ ሳንቲሙና አምስት ሳንቲሙ ዛሬ ከገበያ የሉም ማለት ይቻላል፤ ግን በየቤቱ መሳቢያና በየአሮጌው ቆርቆሮ ውስጥ ይገኛሉ። አሁን ካልተለቀሙ ከአሥር ዓመት በኋላ ይብስባቸዋል። 1969ኞቹ በተለያዩ መቅረጫ ቤቶች ስለተመቱ የአንበሳው አገጭ ጢም በአንዳንዱ ረዘም፣ በአንዳንዱ አጠር ይላል። ሁለቱንም መለየት ለትልቅ ልጅ ጥሩ የዓይን ሥልጠና ነው። ለሰብሳቢዎች ተብለው ከተመቱት ውስጥም አንዱን ላንሣ። ኢትዮጵያ ዓለም አቀፉን የሕፃናት ዓመት ምክንያት አድርጋ 1972 የሚል የ20 ብር የብር ሳንቲም አስመትታለች። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ስብስቡ ያለ እርሱም ሙሉ ነው።

አራተኛው የአያት ነው። 1936 የሚሉት አንድ፣ አምስትና አሥር ሳንቲም መዳብ ናቸው፤ ሃምሳው ግን ብር ነው። ሃያ አምስት ሳንቲሙ የራሱ ታሪክ አለው። መጀመሪያ ክብ ነበር። መዳቡን በብር ቀብተው እንደ ሃምሳ የሚያሳልፉት ሰዎች ስለበዙ ዙሪያው በጥርስ እንዲቀረጽ ተደረገ። ዳርቻው የተሸረከተ ሃያ አምስት ሳንቲም ያገኘ ልጅ፣ አጭበርባሪን ለማስቆም የተሠራ መላ በእጁ ይዟል።

አምስተኛው የቅድመ አያት ነው፤ ጠገራው። እዚህ ላይ ወለጋ ብዙ የምትናገረው አላት። አካባቢው ወርቅ የሚወጣበት ነበርና የነቀምቱ ገዢ ኩምሳ ሞሮዳ ለአፄ ምኒልክ ከሚልኩት ግብር ዋናው ወርቅ ነበር። ቡናው፣ ሰሙና ቆዳው በጋምቤላ በኩል በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን ሲወርድ በምላሹ ብር ይገባ ነበር። የቀድሞው የአቢሲኒያ ባንክ ከአዲስ አበባ ውጭ ቅርንጫፍ ከከፈተባቸው ጥቂት ከተሞች አንዷ ደምቢ ዶሎ መሆኗም ያለ ነገር አልነበረም። ዛሬም በኦሮምኛ ብርን «ቀርሺ» የምንለው ከግርሽ ወገን የሆነ ቃል ነው። ቃሉ ቱርኮች «ኩሩሽ» ከሚሉት፣ ዓረቦችም «ቅርሽ» ከሚሉት ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ሳንቲሙ ከገበያ ቢጠፋም ስሙ ከአፍ አልጠፋም።

ከሳንቲሙ ጋር የሚኖር ወረቀት

ይህን ሁሉ ያሰባሰበ ሰው አንድ ነገር ከዘነጋ ልፋቱ በግማሽ ይቀራል። ሳንቲሙ ዓመቱን አይናገርምና ወረቀት ይናገርለት። ለእያንዳንዱ ሳንቲም በትንሽ ወረቀት ላይ ከየት እንደተገኘ፣ ማን እንደሰጠው፣ በልጁ ልደት ዓመት ምን ይገዛ እንደነበር ይጻፍ። የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ፣ የአንድ ኪሎ ጤፍ ዋጋ፣ ከቤት እስከ ነቀምት የነበረው የመኪና ሒሳብ። ይህን ማንም ባንክ አያስቀምጥልንም፤ ወላጅ በዚያው ሰሞን ካልጻፈው ይረሳል።

የዚህ ወረቀት ጥቅም የሚታየው የምንዛሪውን ታሪክ ስንመለከት ነው። በደርግ ዘመን አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2.07 ብር ይመነዘር ነበር። መስከረም 1985 ላይ 5 ብር ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከመቶ ብር በላይ ደረሰ። 1969 የሚለው ሃምሳ ሳንቲም በዚህ ሁሉ መካከል አልፏል። አንበሳው ያው ነው፣ ቁጥሩ ያው ነው፤ የሚገዛው ነገር ግን ከዓመት ዓመት ሲያንስ ኖሯል። በ2016 የተወለደ ልጅ ወላጆቹ በዚያ ዓመት ክረምት የዘይትና የስኳር ዋጋ ስንት እንደነበር ጽፈው ቢያኖሩለት፣ ሃያ ዓመት ሲሞላው ስለ ኢኮኖሚ ከመጽሐፍ የማያገኘውን ትምህርት ከቤቱ ያገኛል።

ወረቀቱ ላይ የአያት ቃልም ይግባ። አኮ፣ በኦሮምኛ ሴት አያት፣ ጠገራውን ከማን ተቀበሉት? ለጥሎሽ ነበር? ለበሬ ሽያጭ? ቀጥ ባለ ዓረፍተ ነገር፣ እርሳቸው በሚናገሩበት ቋንቋ ይጻፍ። ኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ። አኮ ያንን ታሪክ ሁልጊዜ አይነግሩንም።

ስለ አያያዝና ስለ ሕግ

የወለጋ ክረምት ረጅም ነው፣ እርጥበቱም ብዙ ነው። መዳብና ነሐስ በእርጥበት አረንጓዴ ዝገት ያወጣሉ። ስለዚህ ሳንቲም በደረቅ ቀን በትንንሽ የወረቀት ኤንቨሎፕ ተለያይቶ ይቀመጥ፤ ሣጥኑም ከወለልና ከጭስ ይራቅ። ለስላሳና ሽታ ያለው ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ ሳንቲሙ ላይ የሚያጣብቅ ነገር ስለሚተው አይመከርም። ሳንቲም ሲያዝ ጠርዙን በሁለት ጣት እንጂ ፊቱን አይነካም። ከሁሉም በላይ አይታጠብ፣ አይፈተግ። በአመድ፣ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና የተወለወለ ሳንቲም ለአንድ ቀን ያበራል፤ ዕድሜውን የመሰከረለት ላዩ ግን ተፍቆ ሄዷል፤ አይመለስም። ሰብሳቢ ሲያየውም ዋጋውን ይቀንስበታል።

ጠገራ ሲገዛ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ ካሉ የስጦታ ዕቃ መደብሮች ይገኛል፤ ከእርሳስና ከቆርቆሮ የተሠራ ሐሰተኛም ይገኛል። ወርቅ ቤት ሄዶ ማስመዘን ቀላሉ ፍተሻ ነው፤ ከ28 ግራም በጣም የራቀ ከሆነ ጥርጣሬ ይግባን። ዳርቻው ላይ በላቲን ፍትሕና ምሕረት የሚል መፈክር ጎልቶ ተጽፏልና እርሱንም ማየት ነው። ዋናው ምክሬ ግን ከመግዛት በፊት በቤተሰብ ሣጥን መፈለግ ነው። የራስ አያት ጠገራ ከሱቅ ከተገዛው አሥሩ ይበልጣል።

የአክሱም ሳንቲም የቀረበለት ሰው ደግሞ ቆም ብሎ ያስብ። ከንጉሥ እንዱቢስ ዘመን፣ ከሦስተኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ የተመቱት የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሳንቲሞች የአገር ቅርስ ናቸው። ከመሬት ቆፍሮ ያወጣ ሰው ሲሸጥ መግዛት ቁፋሮውን ማበረታታት ነው፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። እነርሱን ለማየት ብሔራዊ ሙዚየም አለ። ሐረር ያለው የሸሪፍ ሙዚየምም የከተማዋን ያለፈ ዘመን ከሚያሳዩ ቅርሶቹ መካከል ሳንቲሞች አሉት። ነቀምት ላይ ያለ ወላጅ ደግሞ ልጁን ወደ ኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት ይውሰደው። ያ ጠገራ የተቆጠረበትና ወርቅ የተመዘነበት ዘመን ምን ይመስል እንደነበር ግንቡን እያየ ይረዳል።

የአባቱ ካርቶን

ወዳጄ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ የእህቱን ካርቶን አጠገቡ አድርጎ ሌላ ካርቶን ቆረጠ። አራቱን የአሜሪካ ሳንቲሞች እንዳሉ ተዋቸው። በራሱ ካርቶን ላይ ከታች ወደ ላይ በአንድ ረድፍ በ2010 በኪሱ የነበረችውን የአንድ ብር ሳንቲም፣ ቡና ለቃሚው ያለበትን አምስት ብር፣ የ1969ኞቹን አምስቱን፣ ከእናቱ ሣጥን የወጣውን ባለ ጥርስ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ በመጨረሻም የእናቱን እናት ጠገራ ደረደረ። ከእያንዳንዱ ሥር ለወረቀቱ የሚሆን ቦታ ተወ። የመጀመሪያውን ወረቀት የጻፈችው ልጅቱ ራሷ ናት። ፲፱፻፷፱ን በትክክል ገልብጣ ከሥሩ «አሥራ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ዘጠኝ» ብላ ጻፈች።

ልጅ ያላችሁ ወይም የሚወለድላችሁ ሁሉ፣ ከዛሬ ኪሳችሁ አንድ ሳንቲምና አንድ ብር ለዩ። ቀኑን፣ ስሙንና የዚያን ዕለት የቡና ዋጋ በወረቀት ጻፉና አብራችሁ አኑሩ። አያት በሕይወት ካሉ ደግሞ በሚመጣው እሑድ ሣጥናቸውን አብራችሁ ክፈቱ፤ እያንዳንዱን ሳንቲም እያነሣችሁ ጠይቋቸው።